አንድ ዛፍ፣ ሁለት ስም፣ 27 ምላሽ

ዕፅዋት የሚወዱ ሰዎች በሚገናኙበት አንድ የውይይት መድረክ ላይ አባል ነኝ። ከምጽፈው የማነበው ይበዛል። ሰሞኑን ግን አንድ ክር፣ ማለትም አንድ ሰው የለጠፈው ጽሑፍ ከነተከታታይ ምላሾቹ፣ እንቅልፍ አሳጣኝ። ሁለቴ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ቁጥሩን እየተከተልኩ ላውራላችሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ አንዳንዱ ለመገልበጥም አይመችም።

ክሩን የከፈተው ሰው ሀገር በቀል ዕፅዋትን እየዞረ ከሚያይ የሰፈር ቡድን ጋር አምስት ቅዳሜ ወጥቷል። ከአምስተኛው ተበሳጭቶ ተመለሰ። ቅሬታው ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ቡድኑ አይራመድም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዞረው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞሉም። አንድ ቁጥቋጦ ጋ ብቻ ግማሽ ሰዓት ተገትረዋል። እሱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሳው ስሙ በሁለት ሰከንድ ከች አለለት። ታዲያ አፑ ስሙን ከነገረኝ ከሰው ጋር መንከራተቴ ምን ይጨምርልኛል ነው ጥያቄው።

ሁለተኛው ቅሬታ ከሆድ የወጣ ነው። የቡድኑ አስተባባሪ ባሕር ዛፍ ጋ ሲደርሱ መጤ ነው ብላ አለፈችው። እሱ ያደገው ደግሞ አያቱ በተከሉት ባሕር ዛፍ ሥር ነው። አያቱ የተከሉት፣ አባቱ የወጡበት፣ እሱ በጥላው የተጫወተበት ዛፍ እንዴት መጤ እንደሚባል አልገባውም። ነገሩ ስድብ መስሎታል።

በመጨረሻ ሁለት ፎቶ አያይዟል። አንዱ እንደ መርፌ የሚዋጋ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ነው። የሌላው ቅጠል ጥቃቅንና እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ ቢዳሰስ የማይዋጋ ዓይነት። ስልኩ ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ስም ሰጥቶታል። የለጠፋቸው ለማስረጃ ነው። ያለ ማንም እርዳታ በአንድ ጠዋት ሁለት ዛፍ ለየሁ ለማለት። እነዚህን ፎቶዎች ያዙልኝ፤ በኋላ ጣጣ ያመጣሉ።

1ኛው ምላሽ ከአንዲት ትሁት ሴት የመጣ ነው። እንኳን ደህና መጣህ ብላ ጀመረች። አምስት ቅዳሜ ገና ጅማሬ ነው፣ እሷም በመጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሆኖባት ነበር። ነገሩ የተለወጠባት የእነሱ አስተባባሪ አንድ ቀን ዓይናቸውን አስጨፍና ቀንበጥ በጣታቸው እንዲያሽከረክሩ ስታደርግ ነው። ቀንበጡ ክብ አልነበረም። አራት ጠርዝ አለው። ቅጠሎቹ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። እነዚህ ሁለቱ ሲገጣጠሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የበሶብላና የጦስኝ ቤተሰብ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስም ከመጠየቋ በፊት መዳሰስ ለመደች። ምክሯም ይኸው ነው፤ ያገኘኸውን ቅጠል ሁሉ እሸው፣ አሽትተው። (ይህቺ ሁሉ የምትለዋን ቃል በ15ኛው ላይ አንድ ሰው ያገኛታል።)

2ኛው ሰው ክር ከፋቹን ሞቅ አድርጎ ደገፈው። ፕላንትኔትና አይናቹራሊስት የሚባሉ ተክልን ከፎቶ የሚለዩ አፖች ባሉበት ዘመን ቡድን ማለት የወሬ ሰበብ ነው ባይ ነው። እሱ በስልኩ ከ200 በላይ ተክል አከማችቷል። ብቻውን።

3ኛው አንድ መስመር ናት። ስልክህን ኪስህ ከተህ ከ200ዎቹ ስንቱን በስሙ ትጠራለህ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ወዲያው አልመለሰም። በ6ኛው ምላሽ ላይ ተመልሶ መጣና ቆጥሬያለሁ፣ 11 ናቸው አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ወደድኩት።

4ኛው ረጅም ነው። ጸሐፊው በዕድሜ ገፋ ያሉ ይመስሉኛል፤ ሁሉም አንቱ ይላቸዋል። የያዙት የባሕር ዛፉን ጉዳይ ነው። እሳቸው እንዳስረዱት ሀገር በቀልነት የተክሉ ጠባይ አይደለም፤ የተክሉና የቦታው ዝምድና ነው። አንድ ተክል ሰው ሳያመጣው ከአፈሩ፣ ከነፍሳቱና ከወፎቹ ጋር በዘመናት ተላምዶ በኖረበት ቦታ ሀገር በቀል ነው። ባሕር ዛፍ አውስትራሊያ ውስጥ ሀገር በቀል ነው። እዚያ ኮዋላ የሚባል እንስሳ ቅጠሉን በልቶ ያድራል። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ለአንድ ቤተሰብ ረጅም ነው። ለዛፍና ለነፍሳት ዝምድና ግን ትናንት ነው።

ቀጥሎ ያነሱት ነገር ክሩን በሙሉ ያነቃቃ ይመስለኛል። ስሙን ስሙት እስቲ አሉ። ባሕር ዛፍ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ። በቆሎንም ሰው የባሕር ማሽላ ይለው ነበር። እንግዲህ መጤ ነው ያለችው አስተባባሪዋ አይደለችም፤ የዘመኑ አያቶች ራሳቸው ናቸው። ተከሉት፣ ተጠቀሙበት፣ ከየት እንደመጣም ስሙ ላይ ጽፈው አቆዩ። አላፈሩበትም፤ አልዋሹምም።

ሁለት ነገር አስከትለዋል። አንደኛው፣ መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም። በቆሎ መጤ ነው፤ ሰው ካልዘራው ግን ራሱን ችሎ ጫካ አይወርም። እምቦጭ ከአማዞን ተፋሰስ የወጣ ነው። አበባው አምሮ ሰው ከኩሬ ኩሬ ይዞት ዞረ፤ ከዚያ ሐይቅ ሸፈነ። ሁለተኛው፣ ሀገር በቀልና ብርቅዬ አንድ አይደሉም። ዋንዛ ሀገር በቀል ነው፤ ግን በሌሎች ብዙ የአፍሪካ አገሮችም በተፈጥሮው ይበቅላል። ጂብራ ግን ከኢትዮጵያ ተራሮች ሌላ በዱር የሚገኝበት የለም። ብርቅዬ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ይህን ሁለቱን ቃል የሚያምታታ ሰው በየቀኑ ይገጥመኛል፤ እኔም ራሴ ድሮ አምታታው ነበር።

5ኛው ምላሽ አሳቀኝ። የጻፈው ሰው በዚያ ቅዳሜ እዚያው ቡድን ውስጥ ነበር። ያቺ የተረገመች ግማሽ ሰዓት ምን ላይ እንደጠፋች ሊነግረን ነው የገባው። ሁለት አባላት አንድ ነገር ላይ አልተስማሙም ነበር። አንዱ ቁጥቋጦው ትንንሽ ቅጠሎች አሉት አለ። ሌላዋ የለም፣ ትንንሽ ያልካቸው የአንድ ትልቅ ቅጠል ክፍልፋዮች ናቸው አለች። ይህን መለየት ካልተቻለ በመጽሐፍ ለመፈለግ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ መንገድ ይሳታል።

መለያው ቀላል ነው ይላል ሰውየው። ቅጠል ከቅርንጫፍ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ እንቡጥ ይኖራል። ክፍልፋይ ግን ብብቱ ባዶ ነው። ስለዚህ ሁሉም ተራ በተራ እየጎነበሰ እንቡጥ ፈለገ። መጨረሻ ላይ አንዲት የምስር ፍሬ የማታህል እንቡጥ ከትልቁ ዘንግ ሥር ተገኘች። ሴትየዋ ረታች። ያን ጊዜ ክር ከፋቹ የት ነበር? ከኋላ ቆሞ ፎቶ እያነሳ ነበር። ይህንን ያለው በትሕትና ነው፤ ግን ነክሷል።

7ኛው ራሱ ክር ከፋቹ ነው። ስለ እንቡጡ ምንም አላለም። ስለ ባሕር ዛፉ ግን አባባ (የ4ኛው ጸሐፊ) ያሉት እንደገባው፣ ስሙን ዕድሜውን ሙሉ ሲጠራው አንድ ቀን እንኳ ጆሮ ሰጥቶት እንደማያውቅ አመነ። ቅሬታውን ግማሹን አነሳ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ክሩ መስመር ሳተ። መሳቱንም ወደድኩት።

8ኛው ሰው የአባባን ሐሳብ ይዞ ባሕር ዛፍ የሚለው የኛ ስም ከሳይንሱ ስም ይልቅ እውነተኛ ነው ብሎ ተነሳ። ማስረጃውን ደረደረ። ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው በሳይንስ ኤውካሊፕተስ ካማልዱሌንሲስ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ጣሊያን ውስጥ ኔፕልስ ላይ ካማልዶሊ ከሚባል ገዳም አጠገብ ከነበረ የግል የአትክልት ስፍራ ነው፤ በ1832 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተገለጸው እዚያ ከተተከለ ዛፍ ስለሆነ። ዛፉ ግን አውስትራሊያዊ ነው። የፈረንጅ ጥድ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ ነው፤ የፖርቱጋል ማለት ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። የበለስ ሳይንሳዊ ስም የሕንድ በለስ እንደማለት ነው። እሱም ከሜክሲኮ ነው። ዋናው ደግሞ ቡና። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ በ1753 ኮፊያ አረቢካ ብሎ ለዓረብ ሰጠው። ይህን ሲጽፍ ሰውየው እጁ እየተንቀጠቀጠ ሳይሆን አይቀርም፤ አራት የቃለ አጋኖ ምልክት አለው።

9ኛዋ አረመችው። ሊኒየስ አልዋሸም፤ ቡናው አውሮፓ የደረሰው በዓረብ በኩል ስለሆነ ነው። ደግሞም ሳይንሳዊ ስም የልደት የምስክር ወረቀት አይደለም፤ መጠሪያ ብቻ ነው። በዕፅዋት ስም አወጣጥ ሕግ ቀድሞ በትክክል የወጣ ስም ትርጉሙ አይገጥምም ተብሎ አይጣልም። ስሙ ሁሌ እየታረመ ቢሄድ ማንም ከማንም ጋር አይግባባም። ደግሞ የኛም ስም ንጹሕ አይደለም አለች። ቁንዶ በርበሬ የምንለው ዛፍ የደቡብ አሜሪካ ነው፤ ምግብ ውስጥ ከሚገባው ቁንዶ በርበሬ ጋር ምንም ሥጋ ዝምድና የለውም። እዚህ ላይ ለ9ኛዋ ነጥብ ሰጥቻለሁ።

10ኛው ስም ካልተጣለ ግራርስ ብሎ ጠየቀ። እሳቱ እዚህ ጋ ተጫረ። ለማታውቁት ባጭሩ፣ አካሲያ የሚለው ስም መጀመሪያ የተሰጠው የአፍሪካንና የእስያን ግራር መነሻ አድርጎ ነው። ሳይንቲስቶች ወገኑ መከፋፈል አለበት ሲሉ ስሙ ለማን ይቅር የሚል ጥያቄ መጣ። በ2005 ቪየና በተደረገው የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ ስሙ ለአውስትራሊያዎቹ ተሰጠ። በ2011 ሜልበርን ላይ ጸና። የአፍሪካዎቹ ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ ተባሉ። በአገራችን ተራራማ አካባቢ የሚታየው ግራር አሁን ቫቼሊያ አቢሲኒካ ነው።

11ኛው ይህ ዘረፋ ነው አለ። ባሕር ዛፋቸውን ሰጥተውን ግራራችንን ወሰዱብን ብሎ ዘለፈ። 12ኛው ወንድሜ ብሎ ጀመረ። በመድረክ ላይ ወንድሜ ስትባሉ ጠብ ደጃፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። የአውስትራሊያዎቹ ወደ 1000 የሚጠጉ ዝርያዎች ስለሆኑ የእነሱን ስም መለወጥ የባሰ ትርምስ ይፈጥር ነበር አለ። ግራር ራሱ ስሙ ተቀየረ ብሎ ጥላውን አልነሳህም ብሎም ደመደመ። በልቤ ከ11ኛው ጋር ነበርኩ፤ በጭንቅላቴ ከ12ኛው ጋር። 13ኛው አወያዩ ነው። ወደ ጉዳዩ ተመለሱ አለ። ሁለት ምላሽ መሰረዙንም ተናገረ። ምን ይሉ እንደነበር መገመት አይከብድም።

14ኛውን እዚህ ጋ ቀስ ብዬ ላውራው። የጻፈችው በማጉያ መነጽር ነገር የተለከፈች ሴት ናት። በኪስ የሚያዝ፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ። አብዛኛው ሰው አያያዙን ያበላሸዋል ትላለች። ክንዱን ዘርግቶ ተክሉ ላይ ይደቅነዋል። ትክክለኛው መነጽሩን ዓይን ላይ አስጠግቶ ተክሉን ወደ መነጽሩ ማምጣት ነው፤ አፍንጫ ሊነካ እስኪደርስ። (እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ክንዴን ዘርግቼ ነው ያየሁት። ምንም አይታይም ብዬ መሳቢያ ውስጥ ጥዬው ነበር።)

ከዚያ አደይ አበባን ተንትና አሳየችን። አንድ አበባ መስሎ የሚታየው አንድ አይደለም። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ምላሶች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባ ናቸው። መሐሉ ላይ ያለው ቢጫ ትራስም ታጭቀው የቆሙ ጥቃቅን አበቦች ነው። አንዷን በመርፌ ነቅላችሁ ስታዩ ቀጭን ቱቦ ናት፤ ጫፏ ላይ አምስት ጥርስ አላት። ከቱቦው አፍ ብናኝ የተለወሰ ምላስ ብቅ ብሏል። የጠርዞቹ መጀመሪያ ይከፈታሉ፣ የመሐሎቹ ገና እንቡጥ ናቸው። አንድ ጭንቅላት ላይ ሰፈር ሙሉ አበባ። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ባለ መንጠቆ ፍሬ ያለው አረም ደግሞ ቢደንስ ፒሎሳ ነው፤ የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ፣ ከአሜሪካ የመጣ። ቢደንስ ማለት ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው። ጥርሱን ካልሲያችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። አንዱ ሀገር በቀል፣ አንዱ መጤ፣ ወገናቸው አንድ። ይህን አንብቤ መነጽሬን ከመሳቢያ አወጣሁት።

15ኛው ወደ 1ኛዋ ተመልሶ ሁሉ የሚለውን ቃል ያዘ። የምታገኙትን ቅጠል ሁሉ አትሹ አለ፣ ቆጣ ብሎ። እሱ ቅንጭብ ሰብሮ፣ ወተቱ ጣቱን ነክቶት፣ ሳያስበው ዓይኑን አሸ። ሌሊቱን ሁለት ዓይኑን ጨፍኖ እየጮኸ አደረ። አንድ ጤና ጣቢያ ሄዶ በውኃ ሲያጥቡት ቆዩ። የቁልቋልም ወተት እንዲሁ ነው። ሕጉን አስቀመጠ። የሚደማ ተክል ከሆነ መጀመሪያ ነጭ ወተት አለው ወይ ብላችሁ እዩ፣ ካለው እጃችሁን ሳትታጠቡ ፊታችሁን አትንኩ። መቅመስ ደግሞ ፈጽሞ። 1ኛዋ ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ጽሑፏን ግን ገብታ አስተካከለችው። አሁን የምታውቁትን ቅጠል ይላል።

16ኛው ቁልቋልና በለስ ዘመድ አይደሉም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም እሾህ፣ ሁለቱም ውኃ ቋጣሪ። 17ኛው አይደሉም አለው። ቁልቋል የቅንጭብ ዘመድ ነው፤ ስትነካው ወተት ያፈሳል። በለስ ካክተስ ነው፤ ወተት የለውም፣ እሾሁም ከትንሽ ትራስ መሰል ነጥብ ላይ ነው የሚበቅለው። ድርቅ ሁለቱን በተለያየ አህጉር አንድ ዓይነት ልብስ አለበሳቸው። ከዚያ 11ኛውን ለማጽናናት ይመስለኛል አንድ ነገር ጨመረ። አውስትራሊያም የዋዛ አልተቀጣችም። ከአሜሪካ የገባ የበለስ ወገን በ1920ዎቹ ወደ 24 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ወርሮባት ነበር። ያዳናት ከአርጀንቲና አምጥተው በ1926 የለቀቁት የእሳት እራት ነው፤ ትሉ ተክሉን ከውስጥ በልቶ ጨረሰው።

ይህ ሁሉ ሲወራ ፎቶዎቹን የረሳሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። 18ኛው ግን አልረሳም። ቆዩ እስቲ አለ። እነዚህ ሁለት ፎቶዎች ሁለት ዛፍ አይደሉም፣ አንድ ናቸው። ጥድ ነው። ጥድ ልጅ ሳለ ቅጠሉ መርፌ ነው፣ ሲያድግ ቅርፊት ይሆናል። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሲያቆጠቁጥም ተመልሶ መርፌ ሊያወጣ ይችላል። ስልኩ የአንድን ሰው የልጅነትና የጉልምስና ፎቶ አይቶ ሁለት መታወቂያ ሰጠ ማለት ነው።

19ኛው ወዲያው ገባ። በጣም እርግጠኛ ነህ አለው፣ በማይመች ቃና። የፈረንጅ ጥድም ችግኝ ሳለ መርፌ ቅጠል አለው። ሲያድግ ቅርፊት ይሆናል። በሁለቱ ፎቶ ብቻ ሀገር በቀሉ ነው ማለት ምኞት ነው፣ ዕውቀት አይደለም። 20ኛው ላይ 18ኛው ተመለሰና ስለ 19ኛው መነጽር ጥራት አንድ ነገር ተናገረ። እዚህ አልደግመውም።

21ኛዋ ሁለቱንም ዝም አሰኘቻቸው። ከፎቶው ማንም አያውቅም አለች። ክር ከፋቹን ሦስት ነገር ጠየቀችው። ሁለቱ ቅርንጫፎች የወጡት ከአንድ ግንድ ነው? መሬቱ ላይ ምን ወድቋል? ፍሬ አለው? የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ደረቅ እንጨት ነው፤ ሲበስል ይሰነጣጠቅና ዘሩን ይበትናል። የጥድ ፍሬ ግን ሥጋ አለው፤ ከአተር የምታንስ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ፣ ላይዋ ዱቄት የተነሰነሰባት። ሂድና ጎንበስ በል አለችው።

ክር ከፋቹ ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት። ባዶው ቦታ በወሬ ተሞላ። 22ኛው የራሳቸውን ቡድን ጉድ አወራ። ኮሶን ሁለት ዝርያ አድርገው ለወራት መዝግበውት ነበር። አንዱ አበባው ቀላ ያለ፣ ሌላው ፈዘዝ ያለ። በኋላ አንድ እንግዳ መጥቶ ወንድና ሴት ናቸው ሲላቸው መዝገቡን በእርሳስ ስለጻፉት አመሰገኑ። 23ኛው ስለ እንዶድ አነሳ። እንዶድ ልብስ እንደሚያጥብ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ በ1964 አድዋ ላይ ከአጣቢዎቹ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ልብ ያሉት ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ተክሉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ማየት ማለት ይሄ ነው ባይ ነው። 24ኛው ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ብርቅ ተክል ስትለጥፉ ቦታውን ደብቁ፤ ኦርኪድ ያለበትን ቦታ ከነካርታው የለጠፈ ሰው አውቃለሁ፣ በወሩ ጉድጓዱ ብቻ ቀረ። አይናቹራሊስት ለአደጋ የተጋለጡትን ዝርያዎች ቦታ ራሱ ያደበዝዛል፤ የመድረክ ፎቶ ግን አያደበዝዝም።

25ኛው ምላሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገባ። ክር ከፋቹ ነው። ብቻውን ሄዶ ዛፉን አጣው። ስልኩ ላይ ያለው ነጥብ ሠላሳ እርምጃ ያህል የሳተ ነበር፤ እዚያ አካባቢ ደግሞ የሚመስሉት አሥር ዛፎች አሉ። አፍሮ ቅዳሜ ከቡድኑ ጋር ወጣ። ያቺ መጤ ነው ያለችው አስተባባሪ ፎቶውን አየች። ከኋላ የሚታየውን ድንጋይ አወቀችውና ቀጥ አድርጋ ወሰደችው።

ሁለቱ ቅርንጫፎች ከአንድ ግንድ ናቸው። የታችኛው አንድ ጊዜ ተቆርጦ እንደገና ያቆጠቆጠ ነው፤ መርፌው እሱ ላይ ነው። መሬቱ ላይ የእንጨት ፍሬ ፈለጉ፣ የለም። ከዚያ ከአባላቱ አንዲት እናት ቁጢጥ ብለው ከደረቀው ቅጠል መሐል አንዲት ፍሬ አነሱ። ግራጫ ትመስላለች። በአውራ ጣታቸው ሲጠርጓት ዱቄቱ ለቀቀ፣ ሥሩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆነ። በጥፍራቸው ከፈሏት። ሙጫ ሙጫ ሸተተች፣ ውስጧ ጠንካራ ዘር አለ። ለእሱ ሰጡት። ፎቶውን ለጥፏል፤ የተከፈለችው ፍሬ መዳፉ ላይ ናት፣ የአውራ ጣቱ ጫፍ ሰማያዊ ሆኗል። አንድ ዛፍ ጋ ሃምሳ ደቂቃ ቆመናል ብሎም ጻፈ። በቡድኑ ረጅሙ ሳይሆን አይቀርም፣ ያቆምኳቸውም እኔ ነኝ አለ።

26ኛው ያው የማይመቸው ሰው ነው፤ 19ኛው። ፍሬ ፍሬ ነው፣ ተሳስቻለሁ አለ። ግን 18ኛው ትክክል የሆነው በዕድል ነው፣ በመርፌ ቅጠል ብቻ የተነገረ ስም ትክክል ቢሆንም ግምት ነው ብሎ ቋጨ። ሲሸነፍም አይለቅም። እውነቱን ለመናገር ግን እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ።

27ኛው ትናንት ማታ የገባ ነው። ክር ከፋቹ አዲስ ፎቶ ለጠፈ። አፑ ምን አለ የሚል ነገር የለበትም። ጥላ ውስጥ የበቀለ፣ ወገብ የማይደርስ፣ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የወጣ፣ ጠርዙ መጋዝ፣ ፀጉር ያለው፣ ሲሰበር ወተት የማያወጣ፣ ጠንካራ ሽታ ያለው ብሎ ዘርዝሮታል። በብብቱ እንቡጥ እንዳለም አይቷል። ከጎኑ መጠኑ እንዲታወቅ የእጅ ሰዓቱን አስቀምጧል።

ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። የምጠረጥረው ነገር አለ፣ ግን አንድ ምልክት ጎድሏል። በዚህ መድረክ ላይ ስጽፍ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን እንጃ፣ 28ኛውን እኔ ጻፍኩ። ቀንበጡን በጣቶችህ መሐል አሽከርክረው፤ ክብ ነው ወይስ ጠርዝ አለው?